የማይሸነፈው ተሸናፊ፦ «አሬስ» የሚለው ስም ከኦሊምፖስ እስከ አክሱም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሕፈቶች ባቀረብነው አጭር ጽሑፍ፣ ንጉሡ በግሪክኛው ጽሕፈት ላይ የግሪኮችን የጦርነት አምላክ የአሬስን ስም አንሥቶ ራሱን «የማይሸነፈው አምላክ የአሬስ ልጅ» ብሎ እንደሚጠራ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከጽሑፉ ሁሉ ይልቅ ብዙ ደብዳቤ ያስከተለችው ይህቺ አንዲት ሐረግ ናት። ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠን፣ ተመሳሳዮቻቸውንም በእነርሱ ውስጥ አጠቃልለን መልሰናል።

ጥያቄ፦ «አሬስ» የሚለው ስም ትርጉሙ ምንድን ነው? አንዱ «ጦርነት» ነው ይላል፤ ሌላው «ጥፋት»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ወንድ» ነው ይላል። የግሪክ አማልክት ስሞች ሁሉ ትርጉም አላቸው ከተባለ፣ ከሦስቱ የትኛውን ልቀበል?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ የግሪክ አማልክት ስሞች ሁሉ ፍቺያቸው የታወቀ አይደለም። ዜውስ የሚለው ስም ከሰማይና ከቀን ብርሃን ጋር ከተያያዘ ጥንታዊ ሥር እንደ ወጣ፣ ከላቲንና ከሳንስክሪት አቻዎቹ ጋር ተነጻጽሮ ተረጋግጧል፤ ለአፖሎንና ለአቴና ስም ግን ሁሉንም የሚያስማማ ፍቺ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የአሬስ ስም የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ማለት ይቻላል።

ከሦስቱ ፍቺዎች በቀላሉ ሊተዉት የሚችሉት «ወንድ» የሚለውን ነው። ይህ ፍቺ የመጣው ፈላስፋው ፕላቶን ክራቲሎስ በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ሶቅራጥስን እያናገረ ካቀረበው ሐተታ ነው። በዚያ ሐተታ ውስጥ አሬስ የሚለው ስም አንድ ጊዜ «ወንድ» እና «ጀግና» ከሚሉት ቃላት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «የማይታጠፍ፣ ጠንካራ» ከሚል ቃል ጋር ይያያዛል። ሶቅራጥስ በዚያ ድርሰት የብዙ አማልክትን ስም በዚሁ መንገድ፣ ቃልን ከሚመስለው ቃል ጋር እያጋጠመ፣ ግማሹን በቁም ነገር ግማሹንም በጨዋታ ይተነትናል እንጂ የስሞቹን ታሪክ እየመረመረ አይደለም።

«ጥፋት» የሚለው ፍቺ የተሻለ መሠረት አለው። በጥንታዊው ግሪክኛ «አሬ» የሚል፣ ጥፋትንና መቅሠፍትን የሚያመለክት ቃል ስለ ነበረ፣ ብዙ የሥርወ ቃል ሊቃውንት የአምላኩን ስም ከዚህ ቃል ጋር ያዛምዱታል። ዝምድናው ግን የሚመስል ነው እንጂ ያለቀለት አይደለም።

«ጦርነት» የሚለው ደግሞ የስሙ ሥር ሳይሆን የስሙ አገልግሎት ነው፤ በእኛ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥንታዊው ግሪካዊ ገጣሚ ሆሜሮስ ስለ ትሮያ ጦርነት በደረሰው በኢሊያድ ውስጥ ተዋጊዎች «የሰላውን አሬስ እንቀስቅስ» ሲሉ ጦርነቱን እንጀምር ማለታቸው ነው። በዚያው ምዕራፍ የመሥዋዕቱን ሥጋ በሄፋይስቶስ ላይ ይዘው ጠበሱ ሲባልም የእሳቱ አምላክ ስም እሳቱን ራሱን ተክቶ ገብቷል። በአማርኛ «ጦር» የሚለው ቃል መሣሪያውንም፣ ሠራዊቱንም፣ ውጊያውንም እንደሚያመለክት ሁሉ፣ ለጥንቱ ግሪካዊ አሬስ ውጊያውም የውጊያው አምላክም ነበር፤ በየትኛው ትርጉም እንደ ተነገረ የሚለየውም ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንድ የሃይማኖት ታሪክ ተመራማሪዎች ቃሉ መጀመሪያ ተራ ስም ነበር፣ ኋላ ነው አካል ለብሶ አምላክ የሆነው ይላሉ።

ስሙ በጣም የቆየ ለመሆኑ ግን ጥርጥር የለም። በቀርጤስ ደሴት በክኖሶስ በተገኙትና ሊኒያር ቢ በሚባለው፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ምሥጢሩ በተፈታው ጽሕፈት በተጻፉ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ «አ-ሬ» የሚል ስም ይነበባል። በሌላ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ከአቴናና ከፖሲዶን ጋር ተዘርዝሮ «ኤ-ኑ-ዋ-ሪ-ዮ» የሚል ስም አለ። ይህ በኋለኛው ግሪክኛ ኤንያልዮስ የሚባለው ነው፤ ኤንያልዮስ በሆሜሮስ ዘንድ የአሬስ ሌላ ስም ሲሆን፣ በአንዳንድ ከተሞች ግን ራሱን የቻለ አምላክ ሆኖ ለብቻው መሥዋዕት ይቀርብለት ነበር። ሰሌዳዎቹ ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው።

ጠያቂያችን የስሙን ትርጉም በሚገባ እንዲረዱት፣ ግሪኮች ለስሙ ባለቤት ምን ያህል ክብር ይሰጡት እንደ ነበር ማወቅ ይጠቅማል። ከአማልክቱ መካከል እንደ አሬስ በግጥም የተዋረደ የለም። በኢሊያድ አምስተኛ ምዕራፍ ዲዮሜደስ የተባለው ሟች ሰው በአቴና ረዳትነት ጦሩን ከአሬስ ሆድ በታች ይሰነቅርበታል፤ አምላኩም ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሺህ ተዋጊ በአንድ ጊዜ እንደሚጮኸው ያህል ጮኾ ወደ አማልክቱ መኖሪያ ተራራ ወደ ኦሊምፖስ ይሸሻል። አባቱ ዜውስ ሊያጽናናው አይሞክርም፤ በኦሊምፖስ ከሚኖሩት ሁሉ እንደ አንተ የምጠላው የለም፣ ዘወትር የምትወደው ጠብና ውጊያ ነው ብሎ ይገሥጸውና በመጨረሻ ልጁ ስለ ሆነ ብቻ እንዲታከም ያዝዛል። በዚያው ምዕራፍ፣ ኦቶስና ኤፍያልቴስ የተባሉ ሁለት ግዙፍ ወንድማማቾች አሬስን አስረው በነሐስ ጋን ውስጥ 13 ወር እንደ ዘጉበት፣ ሄርሜስ ሰርቆ ባያወጣውም ኖሮ በዚያው ሊያልቅ እንደ ነበር ይነገራል። በሌላው የሆሜሮስ ግጥም በኦዲሴይ ደግሞ ከፍቅር አምላኳ ከአፍሮዲቴ ጋር ሳለ ባሏ ሄፋይስቶስ ባጠመደው የማይታይ መረብ ተይዞ የአማልክቱ መሳቂያ ይሆናል። ለአሬስ የተሰጡት ቅጽሎችም «ሰው አጥፊ»፣ «በደም የተበከለ»፣ «ቅጥር ናጅ» የሚሉ ናቸው። ውጊያን በስልትና በጥበብ የምትመራው አቴና ስትመሰገን፣ የጭፍጨፋው ቁጣና ጩኸት ለአሬስ ቀረ።

ይህ ማለት ግን በግሪክ ምድር የሚያመልከው አልነበረም ማለት አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት ግሪክን ዞሮ የጻፈው ተጓዡ ፓውሳንያስ፣ በስፓርታ የኤንያልዮስ ጥንታዊ ምስል በእግር ብረት ታስሮ ማየቱን ይመሰክራል፤ የታሰረውም እንዳይኮበልልባቸው ነው ይላል። በቴጌያ ከተማ ደግሞ በጦርነት ድል ያደረጉ ሴቶች ወንዶቹን ሥጋ ሳያቀምሱ ለብቻቸው ስለ ሠዉለት፣ አሬስ «ሴቶች የደገሱለት» የሚል ቅጽል እንደ ወጣለት ጽፏል። የጦርነት አምላክ ከሴቶች ድግስ ጋር መያያዙ፣ ግጥሙ ብቻውን የአንድን አምላክ ሕይወት እንደማይነግረን ጥሩ ማሳያ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። በኢዛና ድንጋይ ላይ በግሪክኛ «አሬስ» የተባለው በግዕዙ ለምን በሌላ ስም ተጠራ? አክሱማውያን ከክርስትና በፊት የግሪክ አማልክትን ያመልኩ ነበር ብሎ ለተማሪዎች ማስተማርስ ትክክል ነው?
አንባቢ፣ ከአክሱም

መልስ፦ እንዲህ ብለው ባያስተምሩ ይሻላል። አክሱማውያን ከግሪኮች የተዋሱት ስሙን እንጂ አምላኩን አይደለም። ምክንያቶቻችንን ጽሕፈቶቹን ራሳቸውን እየተከተልን እናቅርብ።

እርስዎ በከተማዎ የሚያውቁት ድንጋይ፣ ኢዛና ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋንን ልኮ በቤጃ ሕዝብ ላይ ያደረገውን ዘመቻ የሚተርክ ነው። ታሪኩ በግሪክኛ አንድ ጊዜ፣ በግዕዝ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በግዕዝ ፊደል ሌላው በደቡብ ዓረብ ፊደል ተጽፏል። ስድስት የቤጃ ነገሥታት 4,400 ከሚሆኑ ሰዎቻቸው ጋር ከነከብቶቻቸው ተማርከው እንደ መጡ፣ ምግብና ልብስ ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ምድር ተወስደው እንደ ሰፈሩ ይናገራል። በግሪክኛው መግቢያ ላይ ንጉሡ «የማይሸነፈው አምላክ የአሬስ ልጅ» ይባላል፤ በማብቂያውም ላይ «ለወለደኝ ለማይሸነፈው ለአሬስ» ምስጋና ይሆን ዘንድ 1 የወርቅ፣ 1 የብርና 3 የነሐስ ምስሎች ማቆሙን ይገልጻል። በግዕዙ በዚያው ቦታ ላይ የምናገኘው ግን «ወልደ ማሕረም ዘኢይትመዋእ ለፀር» የሚለውን ነው፤ በጠላት የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ማለት ነው።

አንድ ታሪክ፣ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ፣ በአንድ ድንጋይ ላይ ሲጻፍ ስሙ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ከተለወጠ፣ አሬስ የሚለው የማሕረም ትርጓሜ መሆኑ ግልጽ ነው። ግሪክኛ በዚያ ዘመን የቀይ ባሕር ንግድ ቋንቋ ነበር። ከኢዛና አስቀድሞ የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያ ዞስካሌስ የተባለው የአካባቢው ንጉሥ የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ መሆኑን ይመሰክራል። ጽሕፈቱን የሚያነበው የውጭ ነጋዴና መልእክተኛ ማሕረም ማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ንጉሡን የሚያዋጋው የጦር አምላክ መሆኑን በአንድ ቃል ለማስረዳት አሬስ ማለት ይበቃ ነበር። ይህ ልማድ የአክሱም ብቻ አልነበረም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ይኖሩ ስለ ነበሩት እስኩቴሶች ሲጽፍ፣ በጭራሮ ክምር ላይ አሮጌ የብረት ሰይፍ ተክለው የሚሠዉለትን አምላካቸውን በቀላሉ «አሬስ» ብሎ ይጠራዋል።

ሁለተኛው ምክንያታችን «የማይሸነፈው» የሚለው ቅጽል ነው። ከላይ እንዳየነው፣ በግሪኮች ግጥም አሬስ በሟች ሰው ጦር የተወጋ፣ በጋን የታሸገ፣ በመረብ የተጠመደ ነው፤ ከኦሊምፖስ አማልክት መካከል «የማይሸነፍ» ለመባል የመጨረሻው ዕጩ እርሱ በሆነ ነበር። የአክሱም ጸሐፊ ይህን ቅጽል የሰጠው ለሆሜሮስ አሬስ ሳይሆን ከግዕዙ «ዘኢይትመዋእ» ቀጥታ ገልብጦ ለማሕረም ነው። እንዲሁም የአክሱሙ አሬስ ነገሥታትን የሚወልድ የሥርወ መንግሥቱ አባት ነው፤ በግሪክ ነገሥታት ዘንድ በአባትነት የሚጠራው ዜውስ ወይም ሄራክልስ ነበር።

ከኢዛና በፊት የነበረ አንድ የአክሱም ንጉሥ በቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ ያቆመው ዙፋንም ይህንኑ ያሳያል። ዙፋኑ ራሱ ዛሬ የለም። ጽሕፈቱን ያገኘነው በስድስተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ካሌብ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴው ኮስማስ ገልብጦ ስላስቀረልን ነው። በነጭ እብነ በረድ የተሠራው ይህ ዙፋን ንጉሡ በነገሠ በ27ኛው ዓመት የቆመ ሲሆን፣ ንጉሡ ሕዝቦችን ሁሉ ያስገዛለትን «የወለደኝን ታላቁን አምላኬን አሬስን» ያመሰግናል፤ ወደ አዱሊስም ወርዶ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን በባሕር ለሚጓዙት ሲል መሠዋቱን ይናገራል። የግሪክኛው ጽሕፈት ብቻ ቢተርፍ ኖሮ አክሱማውያን የኦሊምፖስን አማልክት ያመልኩ ነበር ብለን እናምን ነበር፤ ከዚህ ስሕተት የሚያድነን የኢዛና ድንጋይ ግዕዝ ነው።

ስለ ማሕረም ስም ትርጉም ጥቂት እንጨምር። የኢዛና ድንጋይ የግዕዝ ጽሕፈቶች የተቀረጹት አናባቢ በሌለው ፊደል ስለ ሆነ፣ የስሙ አነባበብ አንድ ወጥ አይደለም፤ «መሕረም» ብለው የሚያነቡም አሉ። ሥሩ ግን ሐ-ረ-መ፣ ማለትም የተከለከለ፣ የተለየ፣ ለአምላክ የተቀደሰ የሚል ሐሳብ ያለውና በአማርኛችን «እርም» በሚለው ቃል ውስጥ የቀረው ነው የሚለው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች አንድን አምላክ ቢጠሩም በትርጉማቸው አይገናኙም፤ አንዱ የውጊያውን ጥፋት፣ ሌላው መቀደስንና መከልከልን ያስባል።

ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በግሪክኛ ባጻፈው ጽሕፈት አሬስ ቀርቶ ንጉሡ «የክርስቶስ አገልጋይ» ተብሏል። በዘመነ ክርስትናው ግዕዝ ደግሞ ንጉሡ «ወልደ እሌ ዓሚዳ» እየተባለ በሥጋ አባቱ ስም ይጠራል። ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩት የምንወደው ግን ሌላ ነገር ነው፦ «ዘኢይትመዋእ ለፀር» የሚለው ሐረግ አልጠፋም። ቀድሞ ለማሕረም ይነገር የነበረው፣ አምላኩ ከጽሕፈቱ ሲወጣ ለንጉሡ ቀርቶ ተገኘ።

ጥያቄ፦ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ቅዱስ ጳውሎስ ያስተማረበት «አርዮስፋጎስ» እና በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘው «አርዮስ» በስም ይመሳሰላሉ። ግንኙነት አላቸው? ካላቸውስ መናፍቁ በጣዖት ስም ተጠራ ማለት ነው?
የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ከደሴ

መልስ፦ በአማርኛው ፊደል የሚታየው ተመሳሳይነት በግሪክኛውም ያለ ነው። «አርዮስ» ማለት «የአሬስ የሆነ» ማለት ሲሆን፣ «ፓጎስ» ዓለታማ ኮረብታ ነው፤ አርዮስፋጎስ እንግዲህ የአሬስ ኮረብታ ነው። ኮረብታው በአቴንስ ከአክሮፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ ሲሆን ዛሬም ጎብኚዎች ይወጡበታል።

ስለ ስያሜው ግሪኮች ራሳቸው ከአንድ በላይ ታሪክ ነበራቸው። በሰፊው የታወቀው፣ የፖሲዶን ልጅ ሃሊሮቲዮስ የአሬስን ልጅ አልኪፔን ሊደፍር ሲል አሬስ ስለ ገደለው፣ አማልክቱ በዚያ ኮረብታ ተቀምጠው አሬስን በነፍስ ግድያ ክስ ዳኝተው ነጻ አወጡት የሚለው ነው። ተውኔት ደራሲው አስኪሎስ ግን በአንድ ተውኔቱ፣ በኮረብታው የሰፈሩት አማዞኖች የተባሉ ተዋጊ ሴቶች ለአሬስ ስለ ሠዉበት ነው ይላል። ዛሬ ደግሞ ስሙን ከአሬስ ሳይሆን፣ ከኮረብታው ሥር መቅደስ ከነበራቸው የበቀል አማልክት ሌላ ስም፣ ከ«አራይ» ማለትም ከእርግማኖች ጋር የሚያያይዙ አሉ። የትኛውም ቢሆን፣ በዚያ ኮረብታ የነፍስ ግድያ ችሎት ይሰየምበት እንደ ነበር የተረጋገጠ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ462 ዓመተ ዓለም የለውጥ አራማጁ ኤፍያልቴስ በኮረብታው ይሰበሰብ የነበረውን ሸንጎ አብዛኛውን የፖለቲካ ሥልጣኑን ነጥቆ የግድያ ክሶችን ብቻ አስቀረለት። አሬስን በጋን ውስጥ የዘጋውም ግዙፍ ኤፍያልቴስ ይባል እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል፤ መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ ይላል። የዛሬዋ ግሪክ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህንኑ የኮረብታውን ስም ይዟል።

ወደ ሁለተኛው አርዮስ ስንመጣ፣ በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ 318ቱ ሊቃውንት ያወገዙት የእስክንድርያው ካህን የተጠራበት ስም ያው «የአሬስ» የሚለው ነው። ከስሙ ግን ምንም ልንፈርድበት አንችልም። በግሪክኛ ተናጋሪዋ ግብፅ አርዮስ የታወቀ ስም ነበር፤ የአውግስጦስ ቄሣር ወዳጅ የነበረው የእስክንድርያ ፈላስፋ አርዮስ ዲዲሞስም ነበረበት። የአማልክት ስም ያለባቸው የሰው ስሞች በክርስቲያኖች ዘንድም ያለ ምንም ነቀፋ ቀጥለዋል። ባሕረ ሐሳብን የደረሰልን የምንለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ስሙ ከእህል አምላኳ ከዴሜጥር የወጣ ነው፤ በአርዮስፋጎስ የጳውሎስን ስብከት ሰምቶ ያመነው ዲዮናስዮስም የወይን አምላክ የነበረውን የዲዮኒሶስን ስም ይዟል። አርዮስ የተወገዘው ስለ ትምህርቱ ነው።

አንድ የታሪክ አጋጣሚ ግን ማለፍ አንወድም። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳዊው ጳጳስ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠይቋል። ደብዳቤውን ያቆየልን ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ነው። ራሱን የአሬስ ልጅ ማለትን የተወው ንጉሥ፣ የአርዮስን ወገን እንዲከተል ተጋበዘ።

ጥያቄ፦ የከተማችን ስም ከሮማውያን የጦር አምላክ ከማርስ የወጣ ነው የሚል ነገር አነበብኩ። ደነገጥኩ። እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ አይደንግጡ። ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ከተማዎ ስሙን ያገኘው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከታነጸው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ማርቆስ» የሚለው ስም ግን በጥንተ ነገሩ ከሮማውያን የወንድ ስሞች አንዱ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ከማርስ ጋር ያዛምዱታል። ሮማውያን ለወንድ ልጅ የሚያወጧቸው ስሞች በጣም ጥቂት ስለ ነበሩ ማርቆስ ተብሎ የሚጠራው ሰው ስፍር ቁጥር አልነበረውም፤ ወንጌላዊውም በዕብራይስጥ ዮሐንስ፣ በሮማይስጥ ማርቆስ ይባል እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል።

ማርስና አሬስ አንድ ስም አይደሉም። ሮማውያን የራሳቸውን ጥንታዊ አምላክ ከግሪኮቹ ጋር ሲያስተካክሉ አቻ ሆነው ተቀመጡ እንጂ፣ በቃል ሥር ዝምድናቸው አልተረጋገጠም። በክብርም አይተካከሉም፤ ማርስ የሮም መሥራች የሮሙሉስ አባት ነው፣ ገበሬው ስለ እርሻው፣ ስለ ከብቱና ስለ ቤተ ሰቡ ደኅንነት የሚጸልይለት ነው፣ የቀድሞው የሮማውያን ዓመት የሚጀምርበት ወርም በስሙ ማርቲዩስ ተብሏል። የዛሬው ማርች የተገኘው ከዚያ ነው። ፈረንሳዮች ማክሰኞን «ማርዲ» የሚሉትም የማርስ ቀን ማለታቸው ነው።

ጥያቄ፦ የማርስ ሁለት ጨረቃዎች ፎቦስና ዴይሞስ ስማቸው ከየት መጣ? ፎቢያ ከሚለው ቃል ጋርስ ይዛመዳል?
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ፕላኔቷ በአፈሯ ውስጥ ባለው የብረት ዝገት ምክንያት ቀላ ብላ ስለምትታይ፣ ባቢሎናውያን ኔርጋል ለተባለው የሞትና የጦርነት አምላካቸው ሰጥተዋት ነበር። ግሪኮችም መጀመሪያ «እሳታዊው»፣ ኋላም «የአሬስ ኮከብ» አሏት፤ ሮማውያን ያንኑ ወደ ማርስ ለወጡት። በእኛ የሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ከዓረብኛ በገባው ስም መሪኅ ትባላለች። በዐቅራብ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለው ደማቅ ቀይ ኮከብ አንታሬስ የተባለውም «የአሬስ ተቀናቃኝ» ለማለት ነው፤ ፕላኔቷ በአጠገቡ ስታልፍ ሁለቱን በቀለም መለየት ያዳግታል።

ጨረቃዎቹን በኦገስት 1877 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው በዋሽንግተን የባሕር ኃይል የጠፈር መመልከቻ ይሠራ የነበረው አሳፍ ሆል ነው። ስሞቹን የጠቆመው ሄንሪ ማዳን የተባለ የእንግሊዝ መምህር ሲሆን፣ የወሰዳቸውም ከኢሊያድ 15ኛ ምዕራፍ ነው፤ በዚያ ላይ አሬስ የልጁን ሞት ሰምቶ ሲቆጣ፣ ፈረሶቹን እንዲጠምዱለት ፎቦስንና ዴይሞስን ያዝዛል። ዴይሞስ ሽብር ማለት ነው። ፎቦስ ዛሬ ፍርሃት ተብሎ ይተረጎማል፤ በሆሜሮስ ግን ይበልጥ ሠራዊት ተፈትቶ የሚሸሽበትን ድንጋጤ ያመለክታል። ፎቢያ የሚለው የሕክምና ቃል ከዚሁ የወጣ ነው። ፎቦስ ማርስን የሚዞረው በ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው፤ ይህም ፕላኔቷ ራሷ ከምትሽከረከርበት ጊዜ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ በማርስ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ቢኖር ፎቦስ በምዕራብ ወጥቶ በምሥራቅ ሲጠልቅ ይመለከት ነበር።

ጥያቄ፦ የግሪክ አፈ ታሪክ ለልጆች ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። አሬስ፣ አሪስ፣ ኤሪስ ሲጻፍ አያለሁ፤ የትኛው ነው ትክክሉ? ሐመል የተባለው ኮከብ በእንግሊዝኛ ስሙ ከዚህ አምላክ የመጣ ነው?
ተርጓሚ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ለጥንታዊው ግሪክኛ አነባበብ የሚቀርበው «አሬስ» ነው። «ኤሪስ» ብለው እንዳይጽፉ አጥብቀን እንመክራለን፤ ምክንያቱም ኤሪስ በኢሊያድ የአሬስ እኅትና የጦር ሜዳ ባልንጀራ የሆነች የጠብ አምላክ ናት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የተገኘችውና ፕሉቶ ከፕላኔቶች ዝርዝር እንድትወጣ ምክንያት የሆነችው ድንክ ፕላኔትም በእርሷ ስም ተጠርታለች። «አሪስ» ብለው ቢጽፉ ደግሞ አንባቢዎ ከሐመል የላቲን ስም ከ«አሪየስ» ጋር ይቀላቅልብዎታል። ያ ስም በላቲን የበግ አውራ ማለት ነው፣ ከአሬስ ጋርም ዝምድና የለውም፤ ሰዎች የሚያያይዟቸው በኮከብ ቆጠራ ሐመል የማርስ ቤት ስለሚባል ነው። በአማርኛ ሐመል የሚለው ስም ስላለን፣ በትርጉምዎ ውስጥ እርሱን ቢጠቀሙ ችግሩ ይወገዳል።